ለውሻችሁና ለድመታችሁ መኝታና ልብስ ስትመርጡ

ገበያ ላይ ካለው የውሻና የድመት መኝታ አብዛኛው የተሠራው ለገዢው ዓይን ነው። ቀለሙ ከሶፋው ጋር እንዲሄድ፣ ፎቶ ላይ እንዲያምር። የሚተኛበት ግን ሌላ ነው፤ እሱ ደግሞ ለቀለም ግድ የለውም። ልብሱም ያው ነው። ኮፍያና ሪባን ተደርድሮበት እግር ማንቀሳቀሻ የሌለው ጃኬት ሞልቷል። ስለዚህ ስልካችሁን ከፍታችሁ ዕቃ ማገላበጥ ከመጀመራችሁ በፊት ለጥቂት ቀን እንስሳችሁን ዝም ብላችሁ እዩት። የት ይተኛል? እንዴት ይተኛል? ሲነሳስ ምን ያደርጋል? ግማሹ ምርጫ እዚያው ያልቃል።

አተኛኘቱን እዩ

አንዳንዱ ውሻ ኩርምት ብሎ፣ አፍንጫውን ጭራው ሥር ወሽቆ ነው የሚተኛው። ወይ በርዶት ሙቀቱን እየቆጠበ ነው፣ ወይ ጀርባውን የሚያስደግፍበት ነገር ይወዳል። ለእሱ ዙሪያው ከፍ ያለ ክብ መኝታ ጥሩ ነው። ሌላው ደግሞ በጎኑ ተዘርግቶ አራት እግሩን በአራት አቅጣጫ ይለቃል። እሱን ክብ መኝታ ውስጥ ብታስገቡት ግማሽ አካሉ ውጭ ያድራል፤ የሚስማማው ሰፊና ጠፍጣፋ ፍራሽ ነው። አገጩን የሆነ ነገር ላይ ካላሳረፈ እንቅልፍ የማይወስደውም አለ። ለዚህኛው በአንድ ወይም በሦስት ጎኑ እንደ ትራስ ከፍ ያለ ጠርዝ ያለው ይፈለጋል።

ሆዱን ወለል ላይ ለጥፎ የኋላ እግሮቹን ወደ ኋላ የሚዘረጋውን ልብ በሉ። ይኼ ብዙ ጊዜ ሙቀት የበዛበት ውሻ ነው። ውሻ እንደ እኛ በመላ ሰውነቱ አያልበውም፤ የሚያልበው በመዳፉ ብቻ ነው፣ እሱም ትንሽ ነው፣ ዋናው ማቀዝቀዣው ማለክለክ ነው። ስለዚህ ፀጉሩ ጥቅጥቅ ላለ ውሻ ወፍራም ጸጉራም አልጋ ገዝታችሁ "ይኸው እምቢ አለ፣ ወለል ላይ ይተኛል" ብላችሁ ብትቆጡት ጥፋቱ የእሱ አይደለም። አራት እግር ያለው፣ ጨርቁ በብረት ላይ የተወጠረ፣ ከወለል ከፍ ያለ አልጋ አምጡለት። አየር ከሥሩ ይገባል፣ ለመጥረግም ይቀላል።

ድመት ከውሻ ትለያለች። ውሻ የሰጡትን ይቀበላል፣ ቢያንስ ይሞክራል። ድመት ግን የገዛችሁላትን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ የመጣበትን ካርቶን ትወርሳለች። ይኼ ንቀት ሳይሆን ምክንያት ያለው ነገር ነው። ድመት የተሸሸገ፣ ጀርባዋን የሚከልል፣ እሷ አይታ እሷን ግን ማንም የማያይባት ቦታ ትፈልጋለች። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ የኔዘርላንድስ ጥናት መጠለያ ውስጥ አዲስ የገቡ ድመቶችን አይቶ ነበር፤ መደበቂያ ሳጥን የተሰጣቸው ካልተሰጣቸው ይልቅ ቶሎ ተረጋግተዋል። እንግዲህ ድመታችሁ ካርቶን ከወደደች ካርቶኑን አትጣሉባት። ውስጡ አጣጥፋችሁ ብርድ ልብስ አስገቡበት፣ አለቀ። ዕቃ መግዛት ካማራችሁ ደግሞ እንደ ዋሻ ጣሪያ ያለውን ምረጡ።

ሌላው የድመት ጉዳይ ሙቀት ነው። የጤነኛ ድመትም የጤነኛ ውሻም የሰውነት ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፣ ከእኛ ከፍ ይላል። በዚያ ላይ ድመት ሰውነቷን ለማሞቅ ተጨማሪ ጉልበት ሳታወጣ የምትቀመጥበት የአየር ሙቀት የሚጀምረው ከ30 ዲግሪ ገደማ ነው። እኛ በዚያ ሙቀት መስኮት እንከፍታለን። ላፕቶፕ ላይ፣ ዋይፋይ ማሽኑ ላይ፣ አሁን ከማድረቂያ የወጣ ልብስ ላይ ጉብ የምትለው ለዚህ ነው። መኝታዋን ፀሐይ የሚገባበት መስኮት አጠገብ ካደረጋችሁት ግማሽ መንገድ ሄዳችኋል።

ልክ

ውሻው በጎኑ ተዘርግቶ ሲተኛ ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ጭራው መነሻ በሜትር ለኩ። እዚያ ላይ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጨምሩ። የፍራሹ ርዝመት ያ ነው። እንዳይነቃባችሁ ከፈራችሁ ከአፍንጫው ትይዩና ከጭራው ትይዩ ወለሉ ላይ ምልክት አድርጉና ሲነሳ ለኩት። ተጠቅልሎ የሚተኛ ከሆነ የሠራውን ክብ ስፋት ለክታችሁ ትንሽ መጨመር ይበቃል። "ትንሽ" "መካከለኛ" "ትልቅ" የሚለውን ጽሑፍ አትመኑ፤ አንዱ ፋብሪካ መካከለኛ ያለውን ሌላው ትልቅ ይለዋል። በሴንቲ ሜትር ያልተጻፈ ዕቃ ከሆነ ሻጩን ጠይቁ፣ ካላወቀ እለፉት። የውጩን ሳይሆን የውስጡን ስፋት መጠየቅም አትርሱ። ወፍራም ጠርዝ ያለው መኝታ ከውጭ ሰፊ መስሎ ውስጡ ጠባብ ነው።

ለድመት ግን ሰፊ ይሻላል ብላችሁ አታስቡ። አብዛኞቹ ያደጉ ድመቶች ጎናቸውን የሚነካ ጠበብ ያለ ነገር ነው የሚወዱት። ከ45 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ መኝታ ለአብዛኞቹ ይበቃል።

ስፖንጁን ተጫኑት

ብዙ ሰው የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው። ሽፋኑ ለስላሳ ሲሆን ምቹ ይመስለናል። ምቾቱ ግን ከሽፋኑ ሳይሆን ከውስጡ ነው። ሱቅ ውስጥ ከሆናችሁ እጃችሁን ጨብጡና መሃሉን ወደ ታች ተጫኑት። ለትልቅ ውሻ ከሆነ ጉልበታችሁን አስደግፉበት፣ ማንም ቢያያችሁ አይፈረድባችሁም። ወለሉ ከተሰማችሁ ለውሻውም ክርኑና ዳሌው ላይ ይሰማዋል። በጥጥ መሰል ፖሊስተር የተሞላው መጀመሪያ ሲያዩት ያብጣል፤ ጥቂት ሳምንት ከተተኛበት በኋላ መሃሉ ወርዶ ዳርና ዳሩ ብቻ ይቀራል። ለድመትና ለቀላል ውሻ ይሄዳል። 30 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ ግን ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። ለከባድ ውሻ ጠጠር ያለ፣ 10 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ውፍረት ያለው አንድ ወጥ ስፖንጅ ያስፈልጋል። የተቆራረጠ ስፖንጅ የታጨቀበት ከሆነ በየጊዜው እየተገፋ ጥግ ላይ ይከማቻል፣ እናንተም በየሳምንቱ ስትደልዱሉ ትኖራላችሁ።

ቀጭን መኝታ ምን እንደሚያመጣ ማየት ከፈለጋችሁ የትልቅ ውሻን ክርን ገልጣችሁ እዩ። ሁልጊዜ ጠንካራ ወለል ላይ የሚተኛ ከሆነ ክርኑ ላይ ፀጉሩ ይረግፋል፣ ቆዳው ይጠቁራል፣ ሸካራ ይሆናል፣ በባዶ እግሩ እንደሚሄድ ሰው ተረከዝ ይደነድናል። አንዳንዴ ይሰነጠቅና ይደማል። ሲብስ ከቆዳው ሥር ፈሳሽ ይቋጥርና በጣት ሲነኩት ውኃ የያዘ ፊኛ የሚመስል እብጠት ይወጣል። መጀመሪያ ላይ ላያመው ይችላል። እባካችሁ በመርፌ ላፍርጠው እንዳትሉ፤ ኢንፌክሽን ይገባበትና ነገሩ ይከፋል። ለእንስሳት ሐኪም አሳዩት፣ መኝታውንም በዚያው ቀን ቀይሩለት። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ገና ቆዳው መሸከር ሲጀምር ወፍራም ፍራሽ ያገኘ ውሻ ብዙ ጊዜ እዚህ አይደርስም።

እንደ ግሬይሃውንድና ዊፔት ያሉት ቀጫጭን ዘሮች ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባቸው። ከቆዳቸው ሥር ስብ የሚባል ነገር የለም፣ ፀጉራቸውም ስስ ነው። አጥንታቸው በቀጥታ ወለሉን ያገኘዋል። ለእነሱ ወፍራምም ለስላሳም መሆን አለበት።

የሸመገሉትን ለብቻ አስቡ። መገጣጠሚያው የሚያመው ውሻ ስትመለከቱት ከመተኛቱ በፊት ደጋግሞ ይዞራል፣ የፊት እግሩን ያጥፍና የኋላውን ለማሳረፍ ያመነታል፣ መጨረሻ ላይ ዘጭ ይላል። ሲነሳ ደግሞ መጀመሪያ ሁለት ሦስት እርምጃ እያነከሰ ይሄድና ከዚያ ይፍታታል። እንዲህ ላለው ሜሞሪ ፎም የሚባለው የሰውነትን ቅርጽ የሚይዝ ስፖንጅ ጥሩ ነው፣ ግን ከሥሩ ጠጠር ያለ ስፖንጅ ይኑረው፤ ከላይ እስከ ታች ልስልስ ካለ ሰምጦ መነሳት ያቅተዋል። መግቢያው ዝቅ ያለ ይሁን። ከወለሉ ጋር የሚነካው ጨርቅ የማይንሸራተት ላስቲክ ነጠብጣብ ያለበት ይሁን፣ ምክንያቱም ለመነሳት ሲገፋ ፍራሹ ወደ ኋላ ከሸሸበት ሁለተኛ ሊተኛበት አይፈልግም። ያረጀች ድመትም እንዲሁ ናት። ድሮ ቁምሳጥን ላይ ትዘል የነበረች ድመት አሁን ወለል ላይ መቅረት ካበዛች ሰነፈች አትበሏት፣ መገጣጠሚያዋ ሊሆን ይችላል። መኝታዋን ዝቅ አድርጉላት፣ ወይም መሃል ላይ መረማመጃ ሳጥን አስቀምጡላት፤ ሐኪምም ይያት።

ቡችላ ካላችሁ ውዱን ፍራሽ አሁን አትግዙ። ያኝከዋል። ቀልድ አይደለም፣ የዋጠው ስፖንጅ አንጀቱን ይዘጋዋል። በማኘክ ዕድሜ ላይ እስካለ የድሮ ብርድ ልብስ አጣጥፋችሁ አንጥፉለት፣ ብርድ ልብሱንም መብላት ከጀመረ አንሱት። ዚፑ የተሸፈነ፣ ቁልፍና ጌጥ የሌለበት መኝታ ምረጡ። ድመት ላይ ዋናው ጠላት ክርና ሪባን ነው። የድመት ምላስ ወደ ጉሮሮ ያዘነበለ እሾህ አለው፣ የገባውን ክር መትፋት ይከብዳታል፤ የተዋጠ ክር ደግሞ አንጀት ይሰበስባል፣ ይቆርጣል። የተተረተረ ጠርዝ ካያችሁ በመቀስ ቁረጡት።

የት ይቀመጥ

ጥሩ መኝታ መጥፎ ቦታ ላይ ቢቀመጥ ዋጋ የለውም። በር ሥር ንፋስ ይገባል። መተላለፊያ ላይ በየደቂቃው ሰው ይረግጠዋል። ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ቤተሰቡን እያየ፣ ግን ከግርግሩ ወጣ ብሎ መተኛት ይወዳል፤ የሳሎን ጥግ ይሆናል ማለት ነው። ለድመት ከወለል ከፍ ያለ ቦታ ይሻላል፣ ከመጸዳጃ አሸዋዋና ከምግቧም ራቅ ይበል። ሁለት ድመት ካለ ሁለት መኝታ ጎን ለጎን ማድረግ አይረዳም። ለያዩት፤ አንዷ ሌላዋ ሳታያት መተኛት መቻል አለባት።

ማሞቂያ ምንጣፍ ወይም የሙቅ ውኃ ጎማ የምታደርጉ ከሆነ በጨርቅ ጠቅልሉት፣ ግማሹን መኝታ ብቻ ይሸፍን። ሲሞቀው የሚሸሽበት ቀዝቃዛ ጎን ይኑረው። መነሳት የሚያቅተው ሽማግሌ ወይም ታማሚ እንስሳ ለብ ባለ ሙቀት ላይ ረጅም ሰዓት ቢተኛ እንኳ ቆዳው ይቃጠላል። የቆዳው ቁስል ደግሞ ከፀጉሩ ሥር ስለሆነ ቶሎ አይታይም።

አዲስ መኝታ ሲመጣ ስትተኙበት የነበረ፣ ያልታጠበ ካናቴራ ጣል አድርጉበት። ጠረኑን ሲያውቀው ይቀርበዋል። አሮጌውን በዚያው ቀን አትጣሉ። ጎትታችሁ አታስገቡት፤ በተለይ ድመት አንዴ በግድ የገባችበትን ዞር ብላ አታየውም።

እጥበት

ሽፋኑ የማይወልቅ መኝታ አትግዙ። በቃ። ሌላው ሁሉ ቢሟላ እንኳ።

ምክንያቱ ሽታ ብቻ አይደለም። የቁንጫ እንቁላል ፀጉር ላይ ተጣብቆ አይቀርም፣ እንስሳው ሲንቀሳቀስ ይረግፋል፣ በብዛት የሚረግፈው ደግሞ የሚተኛበት ላይ ነው። እዚያው ይፈለፈላል፣ እጩም እዚያው ያድጋል። ውሻውን አጥባችሁ መኝታውን ከተዋችሁት ቁንጫው ተመልሶ ይመጣል። በሳምንት አንዴ ሽፋኑን በ60 ዲግሪ ሙቅ ውኃ እጠቡ፣ ስለዚህ ስትገዙ ጨርቁ ያንን ሙቀት እንደሚችል መለያው ላይ እዩ። ሽታ የበዛበት ሳሙናና ማለስለሻ ይቅር፤ ቆዳቸውን ያሳክካል፣ አፍንጫቸውም ከእኛ ብዙ እጥፍ ያሸታል። መኝታ ላይ ስለሚረጭ የቁንጫ መድኃኒት አንድ ነገር በደንብ ያዙልኝ፦ ፔርሜትሪን የሚባለው ለውሻ ይሠራል፣ ድመትን ግን ይመርዛል፣ ሊገድልም ይችላል። ሁለቱ አብረው የሚተኙበት ቤት ውስጥ ጽሑፉን ሳታነቡ ምንም አትርጩ።

ልብስ ለማን?

መጀመሪያ ያስፈልገዋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ሃስኪ፣ ማላሙት፣ ጀርመን ሼፐርድ የመሳሰሉት ከላይ ረጅም ከሥር ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ ድርብ ፀጉር አላቸው። ኮቱ የራሳቸው ነው፤ ጤነኛ ከሆኑ ሌላ ብትደርቡባቸው ይሞቃቸዋል እንጂ አይጠቅማቸውም። ቺዋዋ፣ ግሬይሃውንድ፣ ዶበርማን የመሳሰሉት ፀጉራቸው አጭርና ስስ የሆነ ግን ይበርዳቸዋል። ቡችላ፣ ሽማግሌ፣ ከሲታ፣ ታማሚ፣ ፀጉሩን በቅርብ የተላጨ ውሻም እዚሁ ውስጥ ይገባል። አየሩ ከ7 ዲግሪ በታች ሲወርድ እነዚህን መከታተል ጀምሩ፣ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ያለ ልብስ ረጅም ሽርሽር አታውጧቸው። ዝናብና ንፋስ ካለ ቁጥሩ ከሚለው በላይ ይበርዳል። ደግሞም ራሱ ይነግራችኋል፤ ይንቀጠቀጣል፣ አንድ እግሩን ከመሬት ያነሳል፣ ጀርባውን ያጎብጣል፣ ወደ ቤት ይጎትታችኋል።

ልኬቱ ሦስት ነው። ውሻው ቆሞ ከአንገቱ ሥር፣ የአንገት ማሰሪያው ከሚያርፍበት፣ እስከ ጭራው መነሻ ጀርባውን ለኩ። ከፊት እግሮቹ ኋላ ሰፊው የደረቱ ክፍል ላይ ዙሪያውን ለኩ። አንገቱንም ለኩ። ሦስቱ አልገጥም ካሉ ደረቱን አስቀድሙ፤ ጀርባው ላይ ትንሽ ቢያጥር ችግር የለም፣ ደረቱ ላይ ከጠበበ ግን መተንፈስም መራመድም ያስቸግረዋል። ስታለብሱት በጨርቁና በሰውነቱ መካከል ሁለት ጣታችሁ መግባት አለበት። ከሁለት በላይ ልል ከሆነ ደግሞ እግሩን ያስገባበትና ይወድቃል።

ከዚያ እንዲሄድ አድርጉት። ቤት ውስጥ አንድ ዙር፣ ደረጃ ካለ ደረጃ፣ ቁጭ፣ ተነስ። እርምጃው ካጠረ የትከሻው ቦታ ይዞታል ማለት ነው። ወንድ ከሆነ ከሆዱ ሥር ያለው ጨርቅ ወደ ኋላ ብዙ መሄድ የለበትም፣ አለበለዚያ በሸና ቁጥር ልብሱን ያረጥበዋል። ጭራውና ከጭራው ሥር ነፃ ይሁን። ውሻውን ይዛችሁ የምትወጡበት ማሰሪያ ደረቱ ላይ የሚታሰር ዓይነት ከሆነ ጀርባው ላይ ማሰሪያ ማውጫ ቀዳዳ ያለው ጃኬት ፈልጉ። ፀጉሩ ረጅም ከሆነ ቬልክሮ የሚባለው ተጭኖ የሚጣበቅ ማሰሪያ ይነጨዋል፣ የፕላስቲክ መቆለፊያ ይሻላል። ዚፕ ከሆነ ከሥሩ ቆዳውን የሚጠብቅ ጨርቅ ይኑረው። ማታ የምትወጡ ከሆነ የሚያብረቀርቅ መስመር ያለበት ምረጡ፤ ከጌጦቹ ሁሉ ሥራ ያለው እሱ ብቻ ነው።

ጨርቁን በአየሩ ምረጡ። ለደረቅ ብርድ ፍሊስ ወይም ሱፍ ይሞቃል፣ ሱፉ እንዳይኮሰኩሰው ከውስጥ ገበር ይኑረው። ለዝናብ ውኃ የማያስገባ ይሁን፣ ግን ፕላስቲክ ብቻ ከሆነ ውስጡ በታፈነ እርጥበት ይርሳል። የረጠበ ልብስ ከምንም ይከፋል፤ ሙቀቱን ይመጥበታል። ቤት ስትገቡ አውልቁለት፣ ብብቱንና ጭኑ ሥር እዩ። ቀይ ያለ ወይም ፀጉሩ የተቋጠረ ቦታ ካለ ልብሱ እዚያ ጋ ይፈገፍገዋል። እንደለበሰ አታሳድሩት።

ሲለምድ ቀስ በቀስ ይሁን። መጀመሪያ መሬት ላይ ጣሉለትና ያሽትተው። ከዚያ ጀርባው ላይ ጣል፣ የሚወደውን ቁራሽ ስጡ፣ አንሱ። ሳይቆለፍ ተለማምዶ ከጨረሰ በኋላ ቆልፉት። ጭራውን እግሩ መሃል ከወተፈ፣ ከንፈሩን ደጋግሞ ከላሰ፣ ወይም እንደ ተተከለ ቆሞ ከቀረ አልተስማማውም፤ ሳቅ ቢመጣባችሁም አውልቁለት።

ድመት ላይ ግን እኔ ጠበቅ እላለሁ። ቤት ውስጥ ለምትኖር ጤነኛ ድመት ልብስ አያስፈልጋትም። ስታለብሷት ብዙዎቹ ሰውነታቸውን ዝቅ አድርገው ጥቂት ይሳቡና በጎናቸው ዘፍ ይላሉ። በቪዲዮ ያስቃል፣ ለእሷ ግን ጭንቀት ነው። ራሷን መላስ አትችልም፣ መዝለል ያቅታታል፣ የሆነ ነገር ላይ ተሰቅላ ልትቀር ትችላለች። ፀጉር አልባዋ ስፊንክስ ከሆነች ነገሩ ይለያል፣ ለእሷ ቀጭን የጥጥ ልብስ ለብርድ ይረዳል፤ ቆዳዋ ቅባት ስለሚያወጣ ልብሱን ቶሎ ቶሎ እጠቡ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሐኪም የሚያዘው ስፌቱን እንዳትልስ የሚሸፍን ልብስም አለ። እሱን ስትገዙ ልኩን ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ፣ ከኋላ ለመጸዳጃ በቂ ክፍት መሆኑን እዩ፣ በየቀኑም ገልጣችሁ ቁስሉን ተመልከቱ። ከዚህ ውጭ ድመታችሁ በርዷታል ብላችሁ ካሰባችሁ በልብስ ፋንታ ሁለተኛ ብርድ ልብስ መስኮቱ አጠገብ አንጥፉላት።